ከገዳሪፍ ሽቅብ፦ ልጆቻችንን መጀመሪያ የትኛውን ከተማ እናሳያቸው?



ለዚህ መጽሔት ስለ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ ብዙ አሰብን። እኛ የታሪክ ምሁር አይደለንም። ትምህርታችን ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያችን በገዳሪፍ ገበያ ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ስኳር ስንመዝን፣ ቡናና በርበሬ ስንቸረችር ያለፈ ነው። ነገር ግን ሱቅ የወሬ ቤት ነው። ከደንበኞቻችን አፍ በየጊዜው የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልጆቹ እዚሁ ተወልደው እዚሁ አደጉ። አገራቸውን አንድ ጊዜ ላሳያቸው ብል መጀመሪያ የት ልውሰዳቸው?» የሚል ነው። ጥያቄው የጉዞ ጥያቄ ይምሰል እንጂ የታሪክ ጥያቄም ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣውን መንገድና በላዩ ያሉትን ከተሞች ከታሪካቸው ጋር እያነሣን፣ የትኛውን ብንመርጥ እንደሚሻል ሐሳባችንን እናካፍላችኋለን። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ በፈረንጅ የሆነውን «እ.ኤ.አ.» ብለን ለይተናል።

ጥያቄው ለምን ከበደ?

ከመካከላችን ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ድንበር ተሻግረን የመጣን አለን፤ ለንግድ መጥተን የቀረንም አለን፤ ለእርሻ ሥራ በየክረምቱ እየተመላለስን ኋላ ቤት የሠራንም አለን። ለእኛ ጎንደር ወይም ጭልጋ ሲባል ሽታው ራሱ ይመጣልናል። ለልጆቻችን ግን ኢትዮጵያ በቴሌቪዥን የምትታይ፣ በስልክ የምትሰማ አገር ናት። ከየት ነህ ሲባሉ «ከገዳሪፍ» ይላሉ፤ ውሸትም አይደለም። ትምህርቱ በዐረብኛ ነው፣ ጓደኛው ሱዳናዊ ነው፣ የሚያውቁት ሜዳ የማሽላና የሰሊጥ ሜዳ ነው። ብዙዎቹ ወላጆች ደግሞ ቤተሰቡን ሁሉ ይዘው ለመሄድ የሚበቃ ገንዘብ የሚያገኙት በዕድሜ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ነው። አያቶች ሳያልፉ፣ ልጆችም አግብተው ሳይበተኑ የሚደረግ ጉዞ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነገር ደግሞ በደንብ ታስቦ ሊመረጥ ይገባል።

ብዙ ሰው ወዲያው የሚመርጠው አዲስ አበባን ነው። ምክንያቱም ዘመድ አለ፣ ሕንፃ አለ፣ መርካቶ አለ። አዲስ አበባን አንነቅፍም፤ የሁላችን ዋና ከተማ ናት። ነገር ግን ከገዳሪፍ የሄደ ልጅ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ «ምን አየህ?» ሲሉት «መኪናና ፎቅ» ብሎ ሲመልስ ሰምተናል። መኪናና ፎቅማ ካርቱምም ነበረ።

ትንሿ የተራራ አገር የምታስተምረን

ከገዳሪፍ ወደ አውሮፓ የተሻገሩ ዘመዶቻችን ከስዊዘርላንድ ፎቶግራፍ ይልካሉ። ልጆቻችንም በረዶ የለበሰውን ተራራና ሐይቁን እያዩ «ይህንን መቼ እናያለን?» ይላሉ። ስዊዘርላንድ ስፋቷ 41 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነች ትንሽ አገር ናት። የሚታዩ ከተሞቿ ግን ብዙ ናቸው። በርን እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች አሮጌ ከተማ ናት። ሉሰርን በሐይቅ ዳር ያለች ሆና ከመካከለኛው ዘመን የቆየ የእንጨት ድልድይ አላት፤ ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1993 ተቃጥሎ እንደ ቀድሞው ተመልሶ ተሠርቷል። ዘርማት ደግሞ በማተርሆርን ተራራ ሥር ያለች፣ ቤንዚን የሚያነዱ መኪኖች የማይገቡባት ከተማ ናት።

የአገሩ ሰው ለእንግዳ የሚመክረው ምክር አንድ ነው ይባላል። ሁሉንም ላይ እያሉ በየቀኑ ሻንጣ ከማንሣት፣ አንዲት ከተማ መርጦ በዚያ እያደሩ ዙሪያውን ማየት። ተራራውን ለማየት ጠዋት በባቡር ይወጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ወደ ሪጊ ተራራ የሚወጣው ጥርስ ያለው ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። ይህ ምክር ለእኛም ይጠቅማል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ስዊዘርላንድና የእኛ አካባቢ ከጥንት የሚተዋወቁ መሆናቸውን ግን ብዙ ልጆች አያውቁም። አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ሸዋ መጥቶ የምኒልክ አማካሪ ሆኖ ኖሯል፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ፈቃድም የተሰጠው ለእርሱ ነበር። ወርነር ሙንዚንገርም ስዊስ ሲሆን በግብፅ መንግሥት ሥር የምጽዋ በኋላም የምሥራቅ ሱዳን ገዥ የነበረ፣ በ1868 ዓ.ም. በአውሳ ምድር በአፋሮች የተገደለ ሰው ነው። እንዲሁም አንድ ነገር እንጨምር፤ ልጆቹ የሚያደንቁት ማተርሆርን ከፍታው 4,478 ሜትር ነው። የእኛ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በእርግጥ የስዊዘርላንድ ትልቁ ጫፍ 4,634 ሜትር ስለሆነ ራስ ደጀንን ይበልጠዋል። እውነቱ እንዲህ ነው፤ የሆነ ሆኖ ከገዳሪፍ በአንድ ቀን ተኩል መንገድ ላይ ከማተርሆርን የሚበልጥ ተራራ መኖሩን ልጅ ማወቅ ይገባዋል።

መንገዱ ከእኛ በፊት ነበረ

ከሱዳን ሜዳ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ በእኛ አልተጀመረም። በ1691 ዓ.ም. ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከካይሮ ተነሥቶ በዶንጎላና በሰናር በኩል ጎንደር ገብቷል። ያስጠሩት ታላቁ አፄ ኢያሱ ሲሆኑ ከካይሮ ሐኪም ፈልጎ ያመጣው ሐጂ ዓሊ የተባለ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ንጉሡ ክርስቲያን፣ መልእክተኛው ሙስሊም፣ ሐኪሙ ፈረንጅ። ይህ መንገድ ያኔም ቢሆን የተለያዩ ሰዎች አብረው የሚሄዱበት ነበር ማለት ነው። የፖንሴ ባልደረባ የነበረው ቄስ ግን ጎንደር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው በመንገድ ሞቷል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በተቃራኒው ወርዷል። በ1762 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ጎንደር ገብቶ፣ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ፣ በ1764 ዓ.ም. ሲመለስ በቆላው በራስ አልፊል በኩል ወደ ሰናር ወረደ። በዛሬው የገዳሪፍ አካባቢ ጠዋ በተባለ ቦታ ሼኩ አላሳልፍ ብሎ እንዳስቸገረው ጽፏል። ከእርሱም በኋላ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ከሚስቱ ጋር በ1853 እና በ1854 ዓ.ም. በአትባራና በሰቲት ወንዞች ዳር ተጉዞ፣ የገዳሪፍንና የገላባትን ገበያ አይቷል። ያኔ በገላባት ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና ጥጥ ይሸጥ ነበር። በሚያሳዝን ሁኔታ ሰውም ይሸጥ ነበር። ገበያውን ያስተዳድሩ የነበሩት ተክሩር የሚባሉ፣ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ በዚያው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ለሁለቱም ወገን፣ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ገዥዎች ይገብሩ ነበር ይባላል። የድንበር ነጋዴ ሁለት ግብር መክፈሉ ዛሬ የመጣ አይደለም ብለን ብንስቅ ያምርብናል።

ከሰዎቹም ይልቅ የመንገዱ ጥንታዊ ተጓዦች ወንዞቹ ናቸው። ከጎንደር ደጋ የሚወርደው ጓንግ ድንበር ሲሻገር አትባራ ይባላል። ተከዜ ሰቲት ይባላል። መረብ ከሰላ ሲደርስ ጋሽ ይባላል። ገዳሪፍ በበጋ ውኃ የሚጠማት ከተማ መሆኗን ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ ልጆቻችን «ይህ ውኃ ከየት ይመጣል?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ራሱ የጉዞ ካርታ ነው፤ ስሙን ቀይሮ ኖሮ እንጂ ከአባቶቻቸው አገር የመጣ ነው።

መተማና ገላባት

ከገዳሪፍ በዶካ በኩል ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን ገላባት እንደርሳለን። ደረቁን ወንዝ ስንሻገር መተማ ዮሐንስ ነን። ብዙ ሰው ይህንን ቦታ የወረቀት ማሳያና የሸቀጥ መፈተሻ አድርጎ ብቻ ያልፈዋል። ነገር ግን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቆም ተብሎ ለልጅ ሊነገርበት የሚገባ ቦታ ነው።

በ1880 ዓ.ም. ጥር ወር የማህዲስቶች ጦር ጎንደር ድረስ ወጥቶ ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦራቸውን ይዘው መተማ ላይ ከእነርሱ ጋር ገጠሙ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ያጋደለ ሲመስል ንጉሡ በጥይት ቆስለው ሞቱ፤ ጦራቸውም ተፈታ። የከተማይቱ ስም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ውጊያ ከሁለቱም ወገን ያለቀው ሕዝብ ብዙ ነው።

ይህንን ለልጆቻችን እንዴት እንንገራቸው? አንዱ ወገን ድል የሚለውን ሌላው ሐዘን ይለዋል፤ የእኛ ልጆች ደግሞ የሁለቱም ወገን ልጆች አብረው በሚማሩበት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኛ እንደሚመስለን እውነቱ ሳይሸራረፍ፣ ጥላቻ ሳይጨመርበት ቢነገር ነው የሚሻለው። ሁለት የተራቡና በጠላት የተከበቡ አገሮች እዚያ ሜዳ ላይ ተጋጭተው፣ ሁለቱም ደክመው፣ በመጨረሻ የተጠቀመው ከሩቅ የመጣ ቅኝ ገዥ ሆነ። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት የድንበር ውል መሠረት ገላባት ወዲያ፣ መተማ ወዲህ ሆነው ተለዩ። ገበያው ግን አልተለየም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ይኸው ቦታ የነፃነታችን በር ሆኗል። ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ገላባትንና ከሰላን ያዘ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመሩት አነስተኛ ቡድን ከዶካ አካባቢ ተነሥቶ ከጎጃም አርበኞች ጋር ለመገናኘት ድንበሩን ተሻገረ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በብሪጋዲየር ስሊም የተመራው የእንግሊዝና የህንድ ጦር ገላባትን መልሶ ለመያዝ ተዋጋ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚህ በስተ ደቡብ ባለው በኦሜድላ በኩል ገብተው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። በየዕለቱ ስሟን የምንጠራት ዶካ በዚህ ታሪክ ውስጥ መኖሯን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጭልጋ፦ አየሩ የሚለወጥበት

ከመተማ ተነሥተን ገንዳ ውኃን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ፣ ገዳሪፍ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከሙቀት የወጣ ልጅ መጀመሪያ የሚደነቀው በአየሩ ነው። አይከል፣ ማለትም የጭልጋ ከተማ ስንደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ሆነናል። በዚህ ጊዜ መስኮት ክፈቱ የሚለው ሁሉ ዝጉልኝ ይላል። ጭልጋ በጎንደር ዘመን ከሰናር የሚመጣ ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍልባትና የሚያርፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ለቱሪስት ተብሎ የተሠራ ነገር ብዙ የለባትም፤ ነገር ግን ቡና ጠጥቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ቆላውን መመልከት ራሱ ትምህርት ነው። የዚህ ወረዳ ጎረቤት የሆነው ቋራ የመይሳው ካሣ አገር ነው። ካሣ ቴዎድሮስ ተብሎ ሳይነግሥ በፊት በ1840 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግቶ በመድፍ ተሸንፏል። የመድፍ ነገር ከዚያ ወዲያ ከልቡ አልወጣም ይባላል፤ ሴባስቶፖልን ያስታውሷል።

ጎንደር

ከመተማ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ጎንደር እንገባለን። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ያቋቋሟት ከተማ ናት። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ ከሠፈር ሠፈር በድንኳን ይዘዋወሩ ስለነበር ጎንደር ለረጅም ጊዜ ያጡትን ቋሚ መናገሻ ሰጠቻቸው። የፋሲል ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበ ሲሆን በውስጡ የፋሲል፣ የኢያሱ፣ የምንትዋብና የሌሎችም ግንቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ልጅ የሚወደው ግንብ መውጣትና በየመስኮቱ ብቅ ማለት ነው፤ አዋቂው ታሪኩን ይስማ፣ ልጁ ይሩጥ።

ከግቢው ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ማየት የግድ ነው። አፄ ኢያሱ ያሠሯት ስትሆን ጣሪያዋ ሙሉ በመላእክት ፊት የተሣለ ነው። በ1880ው ቃጠሎ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት፤ የአገሩ ሰው ንብ ወጥቶ ጦሩን አባረረ ብሎ ይተርካል። የእቴጌ ምንትዋብን ቁስቋም ያየ ደግሞ ጄምስ ብሩስ የተቀመጠበትን ቦታ አየ ማለት ነው። ጥር 11 ቀን የደረሰ በፋሲል መዋኛ የጥምቀትን በዓል ያያል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ መመዝገቡ ይታወሳል።

ጎንደር የክርስቲያኑ ብቻ አይደለችም። አዲስ ዓለም የተባለው ሠፈር የጥንት ሙስሊም ነጋዴዎች ሠፈር ነው፤ ከሰናርና ከምጽዋ ጋር ይነግዱ የነበሩት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ልጆቻቸውን ይዘው ሲሄዱ «ይህ የእኛም አሻራ ነው» ሊሉ ይችላሉ። ወለቃ የሚባለው መንደርም የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብና ጦርነት በነበረ ጊዜ ከጎንደርና ከትግራይ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደዚህ ወርደው በገዳሪፍ አጠገብ ባለው ኡም ራኩባ መጠለያ ሰፍረው፣ ብዙ ሰው በበሽታ ሞቶባቸው፣ የተረፉት በሌሊት በአውቶቡስ ካርቱም ተወስደው ወደ እስራኤል በረሩ። ኡም ራኩባን እኛ እናውቃታለን። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ያችው መጠለያ እንደገና ተከፈተች። ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ ያለ አይደለም።

ፒያሳ የሚባለው የከተማው መሐል የጣሊያን ጊዜ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በዚሁ ከተማ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ገላባት ላይ የተጀመረው ውጊያ ጎንደር ላይ ተፈጸመ ማለት ይቻላል።

ከጎንደር ወጣ ሲሉ

እዚህ ላይ የስዊሶቹን ምክር እናስታውስ። ጎንደርን ማደሪያ ያደረገ ቤተሰብ ሻንጣውን ሳያንቀሳቅስ ብዙ ያያል።

1ኛ. ጎርጎራ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በጣና ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ደብረ ሲና ማርያም ጥንታዊ ሥዕል አላት፤ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሕንፃ ፍርስራሽም በአካባቢው አለ። ሐይቅ አይቶ ለማያውቅ የገዳሪፍ ልጅ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ጣና ባሕር ነው የሚመስለው።

2ኛ. ደባርቅ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ሰሜን ሲሆን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በዚያ ነው፤ ፈቃድና ጠባቂ የሚሰጠውም እዚያው ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ነው። ጭላዳ በቅርብ ስለሚታይ ልጆች በጣም ይደሰታሉ። ሕፃን ልጅ ወይም የልብ ሕመምተኛ ያለው ግን ከፍታው እንደሚከብድ አስቀድሞ ሐኪም ቢያማክር መልካም ነው።

3ኛ. ባሕር ዳር። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ ለመመለስ ይርቃል፤ ሁለት ሌሊት ማደር ይሻላል። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ከተማ ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሙላቱ የሚያምረው ከክረምት ማብቂያ ቀጥሎ ነው። ወደ ዘጌ በጀልባ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ማየት ይቻላል። ከደሴት ገዳማቱ አንዳንዶቹ ሴት እንደማያስገቡ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ አለበለዚያ እናትና ሴት ልጅ ጀልባ ላይ ይቀራሉ።

ላሊበላና አክሱም እጅግ ታላላቅ ናቸው፤ ነገር ግን ከዚህ መንገድ ራቅ ስለሚሉ ለሁለተኛው ጉዞ ይቆዩ።

ከሰላንም አንርሳ

ድንበር ለመሻገር ወረቀት ወይም ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ከሰላ እዚሁ ናት። እ.ኤ.አ. በ1840 የግብፅ ጦር ሠፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ የታካ ተራሮች ከሜዳው ድንገት እንደ ጣት ተነሥተው ቆመዋል። በተራራው ሥር የኸትሚያ መስጊድና የሰይድ ሐሰን አል-ሚርጋኒ መቃብር አለ። ሱዳናውያን ሙሽሮች ለጫጉላ የሚመርጧት ከተማ መሆኗ ይታወቃል፤ ከቶቲል ምንጭ የጠጣ ሰው ተመልሶ ይመጣል ይባላል። ጣሊያኖች በ1886 ዓ.ም. ከማህዲስቶች ወስደዋት በ1890 ዓ.ም. ለግብፅ አስረክበዋል፤ በ1932 ዓ.ም. እንደገና ይዘዋት ከግማሽ ዓመት በኋላ ለቀቁ። በጋሽ ዳር ያለውን የፍራፍሬ አትክልት ስፍራ ያየ ልጅ ውኃው ከመረብ የመጣ መሆኑ ቢነገረው፣ የአገሩን ዘመድ አገኘ ማለት ነው። ገዳሪፍና ከሰላ ለልጆቻችን የትውልድ አገር ስለሆኑ ታሪካቸውን ማወቅም ግዴታችን ነው። ያበላን አገር አይናቅም።

እንግዲህ ምርጫችን

በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ከተማ ጎንደር ቢሆን ይሻላል። ምክንያቶቻችን ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ቅርብ ነው፤ ከገዳሪፍ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የትራንስፖርት ወጪው ለቤተሰብ ይቻላል። ሁለተኛ፣ መንገዱ ራሱ ታሪክ ነው፤ በአውሮፕላን የሄደ ልጅ መተማንና ጭልጋን አያይም፣ አያቱ በእግሩ የወረደውን ዳገትም አያውቀውም። ሦስተኛ፣ ጎንደር የእኛንና የሱዳንን ታሪክ፣ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን፣ ቤተ እስራኤሉን ሳይቀር ባንድ ላይ ስለያዘ፣ እንደ ገዳሪፍ ካለ ቅይጥ ከተማ የሄደ ልጅ ራሱን ያገኝበታል።

ይህንን ስንል ግን የዘመኑን ሁኔታ ሳናስብ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ፣ ስንት ሺህ ሰው በዚሁ በገዳሪፍና በገላባት መንገድ ልጁን አዝሎ እንዳለፈ ሁላችን አይተናል፤ ከሱቃችን ደጃፍ ውኃ ጠጥተው የሄዱ አሉ። በመተማ በኩል የተሻገሩት ሱዳናውያን በኩመርና በአውላላ መጠለያ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣና መንገዱ ሥጋት ገባው። ቀድሞ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን የሸሹበት መንገድ ሱዳናውያን ወደ ኢትዮጵያ የሚሸሹበት ሆነ። ስለዚህ ማንም ቤተሰብ የመንገዱን ደህንነት ከቅርብ ሰው፣ ከሾፌርና ከሁለቱም አገር ባለሥልጣን ሳይጠይቅ እንዳይነሣ አደራ እንላለን። ጉብኝት ይቆያል፤ ሕይወት አይተካም።

ነገር ግን መንገዱ ሰላም እስኪሆን ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም አይገባም። ለጉዞው መዘጋጀት አሁን ይቻላል። ልጁ ፊደል ይቁጠር፤ ከፋሲል ግንብ ፊት ቆሞ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለ ግማሽ ጉዞ ነው። አያቶች ከየት ቀበሌ እንደመጡ፣ በየትኛው መንገድ እንደወረዱ፣ ማን በመንገድ እንደቀረ ይጻፍ፤ እነርሱ ሲያልፉ የሚነግረን የለም። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይቆጠብ። ጃኬትና ጋቢም ይታሰብ፤ የገዳሪፍ ልጅ ብርድ አያውቅም። ሲሄዱም ሱዳናዊ ጎረቤት ወይም የልጁ ጓደኛ አብሮ ቢሄድ፣ ሐጂ ዓሊና ሐኪሙ አብረው እንደወጡት ሁሉ፣ ጉዞው የበለጠ ያምራል።

ከልጆቻችን መካከል ጎንደርን አይቶ «ገዳሪፍ ይሻለኛል» የሚል ይኖራል። ይበል። አይቶ የመረጠ ሰው ሳያይ ከቀረው ይለያል፤ የማኅበራችንም ድካም ልጆቻችን ሁለቱንም አገር አውቀው በሁለቱም ሳያፍሩ እንዲኖሩ ነው።

ለሁለቱም አገር ፈጣሪ ሰላሙን ያምጣልን። መንገዱን ይክፈትልን። በሚቀጥለው በዓላችን የጉዞ ፎቶግራፍ ይዘን የምንገናኝ ያድርገን። ቸር ይግጠመን።